የመሪጌታው የልጅ ልጅና የስልኩ ሐኪም

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሳፈር ሰው ጭጋጉን ይፈራል፤ ቁልቁለቱንም ይፈራል። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የምፈራው የተሳፋሪውን ምክር ነው። አንድ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ካስነጠሰ፣ ገና አፍንጫውን ሳይጠርግ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጎረቤት መርፌ ይታዘዝለታል። ዕድሜዬን ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ የፈጀሁ ሴት ነኝና ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ንጋቷ፣ ዝም ማለት ልመጂ ያሉኝ ሁሉ እስካሁን አልተሳካላቸውም።

በዚያ በመስከረም መጀመሪያ ቅዳሜ ግን የምሄደው ለቅሶ ልደርስ ስለነበረ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አንድም ቃል ላልናገር ወስኜ ነበር። ውሳኔዬ ከተማውን እስክንለቅ ድረስ ቆየ።

ከፊቴ ባለው ወንበር ጥምጣማቸውን አሳምረው የጠመጠሙ ሽማግሌ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ወልደጻድቅ ይባላሉ፤ በአንኮበር አንድ የሚካኤል ደብር ማኅሌት ይመራሉ፣ ድጓም ያስተምራሉ። ከጎናቸው ልጃቸው ሠናይት አለች፤ ደብረ ብርሃን በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ወጣት ናት። በሠናይት ጭን ላይ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ልጇ ሊያ ተቀምጣ የእናቷን ነጠላ ጥለት በጣቷ ትከተላለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ቢሆንም አንባቢን ከማንከራተት አሁኑኑ መናገሩ ይሻላል።

ሾፌሩ ሞቅ ያለ ዘፈን ከፈተ። ወዲያው ሊያ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፏ ደፍና እሪታዋን አቀለጠችው። ያን ጊዜ የተሳፋሪው ምክር ወረደ። አንዱ ቅጣት የጎደላት ልጅ ናት አለ፤ አንዷ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ከኋላ ያለችው ደግሞ በአባቷ ወገን ዛር ሳይኖር አይቀርም ብላ ጥናቷን አቀረበች። ሠናይት ሾፌሩን ድምፁን እንዲቀንስላት ለመነችው። አልሰማትም። እኔ ስናገር ግን ሰማ፤ እኔ ስናገር አለመስማት ከባድ ነው። ዘፈኑ እንደጠፋ ልጅቷ ዝም አለች፤ ጣቷም ወደ ጥለቱ ተመለሰ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው እግዜር ይስጥሽ ካሉ በኋላ፣ "ነገሩ ግን በዘፈኑ አይደለም፣ ልጄ፤ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ናት" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ስለጠነከረ ሾፌሩ ቆመ፤ ገደል ከመግባት መዘግየት ይሻላል አለና አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አራገፈን። እኔም ከነሽማግሌው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። ማንነቴን ከነገርኳቸው በኋላ፣ "የኔታ፣ ልጅቷን ምን አገኛት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እስከ ሁለት ዓመቷ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበረች" አሉ። "ከዚያ በኋላ ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፣ ዓይን ለዓይን አትገጥምም፣ ቃል አትተነፍስም። ይህስ ይሁን። የከፋው በቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ነው። እኔ ማኅሌት የምመራ ሰው ነኝ። ወረብ ተነሥቶ ከበሮው ሲመታና ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ የገዛ ልጄ ልጅ እሪ ብላ ከግቢው ትወጣለች። ሕዝቡ ያያል፤ ደቀ መዛሙርቴ ያያሉ። በውስጧ ያለው የእግዚአብሔርን ስም መስማት አልቻለም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?"

በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ኀፍረትና ሐዘን ነበር። ወዳጅ ሆነው ልጅቷን ሊጎዱ የሚሄዱ ሰዎችን መገሠጽ የሚከብደው ለዚህ ነው።

አሳባቸው ሊያን አንኮበር ከእሳቸው ዘንድ አስቀርተው፣ ቃል እስክታወጣ ድረስ በየማለዳው ጠበል ማስጠመቅ ነበር። ሠናይት ወደ ፋብሪካዋ ትመለሳለች፤ ልጅቷን በበዓል በበዓል ትጎበኛለች። የሊያ አባት እንደሆነ ልጅቷ አልናገር ስትል ሌላ ትዳር መሥርቷል፤ ምክር የሚጠየቅ አይደለም። ሠናይት በበኩሏ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ትምህርት ቤት እንደ ሊያ ላሉ ልጆች የከፈተው ክፍል ልጇን እንደተቀበለላት ነገረችኝ። ክፍሉ የሚይዘው ጥቂት ልጆችን ስለሆነ ሰኞ ያልቀረበ ልጅ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ በዚያ ሻይ ቤት ሳለን የሚወሰነው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሊያ ሰኞ ወይ ከእናቷ ጋር ትምህርት ቤት ትገኛለች፣ ወይ ያለ እናቷ አንኮበር ትቀራለች።

ለእናቲቱ ላደላ አፌን ስከፍት ሌላ ነገር መጣ። ሠናይት ከቦርሳዋ አንዲት ቡናማ ብልቃጥ አወጣችና የሊያ ሻይ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ሊያ ፊቷን አዞረች። እናቷ ስኒውን ወደ ከንፈሯ ስታስጠጋው ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። እጄ ከአፌ ቀድሞ ስኒውን ነጠቃት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የኦቲዝም መድኃኒት ነው፣ እትዬ" አለች ደንግጣ። "ዛሬ ነው የማስጀምራት። በባዶ ሆድ ይሰጣት ነው የተባልኩት።"

ከየት እንደገዛችው ብጠይቃት በቴሌግራም አለችኝ። ማን አዘዘው ብላት ዶክተር አለችኝ። ስሙን ስጠይቃት ስልኳን አየችና ቻናሉ "የፈውስ ጠብታ" እንደሚባል፣ የሰውየው ስም ግን የትም እንዳልተጻፈ አስተዋለች። ብልቃጧን ተቀብዬ ከጥቁር ቀሚሴ ጫፍ ላይ ጥቂት አንጠበጠብኩ። ሁላችንም አቀርቅረን አየን። ጨርቁ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያም እየነጣ ሄደ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ጎንበስ ብላ አሸተተችና ይህማ ሰኞ ሰኞ ወለል የማጥብበት በረኪና ነው አለች።

የሠናይት ፊት አመድ መሰለ። መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ።

"ስልኩን አምጪ" አሉ። "ልጅሽን በገዛ እጅሽ ልታጠፊያት ነበር። ከእንግዲህ ስለ ሊያ አንዲት ነገር ከዚህ ውስጥ አትጠይቂም። ልጅቷም ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ነገሩ አለቀ።"

ሠናይት ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እባቡ ግን እውነተኛ ስለነበረ ሽማግሌውን ሙሉ በሙሉ ለመውቀስ አፍ አልነበረኝም። መጀመሪያ የወቀስኩት ሠናይትን ነው። ስሙን የማታውቂው ሰው የሰጠሽን፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ነገር እንዴት ለልጅ ትሰጫለሽ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም ወይ ብዬ እንደ ልማዴ ተቆጣኋት። እሷም አንገቷን ቀና አደረገች፤ አላለቀሰችም።

"እትዬ፣ ሆስፒታል የሄድኩ ዕለት ሐኪሙ 'ኦቲዝም ነው' አለኝ። ከኋላዬ ሰልፉ እስከ በሩ ነበር። ቃሉን ይዤ ወጣሁ። ምን ማለት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ጎረቤት ብጠይቅ እርግማን ነው ይሉኛል። አባዬን ብጠይቅ ጠበል ይሉኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ብዙ ነው። ትናገራለች ወይ? ለምንድን ነው ከዳቦና ከድንች በቀር የማትበላው? ፀጉሯን ስቆርጥ ለምን እንደሚታረድ ሰው ትጮሃለች? ስታድግና የወር አበባ ሲመጣባት እንዴት ላስረዳት? እኔ ብሞት ማን ያውቅላታል? ይህን ሁሉ የሚሰማኝ ስልኩ ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ ያለው ሞልቷል፤ ግማሹ አይገባኝም፣ የገባኝም እኛ አገር የሌለ ምግብና የሌለ ሐኪም ነው የሚያዝልኝ። በአማርኛ ስጠይቅ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው የሚሸጥ ሰው ነው። እሱ ግን 'እኅቴ፣ አይዞሽ' አለኝ። ከሆስፒታል ጀምሮ አይዞሽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።"

ይህን ስሰማ ቁጣዬ ከእሷ ላይ ተነሣ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እኛ የጤና ሰዎች አንድ ቃል ወርውረን በዝምታ የሸኘናት እናት፣ ዝምታውን የሚሞላላትን ሰው ብታምን ምን ይደንቃል? እናቶች የሚፈልጉት ዕውቀት በሚያውቁት ቋንቋ፣ በሚገባቸው መጠን፣ በደግ አነጋገር ካልደረሳቸው፣ ሐሰቱ በደግ አነጋገር ይደርሳቸዋል።

መሪጌታም ልባቸው ሳይነካ አልቀረም። ተቀመጡ፤ ስልኩን ግን አልመለሱም።

"እንግዲህ አንቺው ራስሽ ፈረድሽበት" አሉኝ። "ከዚህ ዕቃ የሚወጣው መርዝ ነው።"

"የኔታ፣ በእርስዎ ሙያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኳቸው። "አንድ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ 'ድጓ አውቃለሁ' ቢልዎትና እርስዎ የማያውቁትን ዜማ ቢያሰማዎት ምን ያደርጋሉ?"

"ከማን ተማርከው እለዋለሁ።"

"ባይነግርዎትስ?"

"ምን ብዬ እሰማዋለሁ? የእኔ መምህር የታወቁ ናቸው፤ የመምህሬም መምህር የታወቁ ናቸው። ዜማውን ጨርሼ እንኳ የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነው ቤተ ልሔም ወርጄ በሊቃውንቱ ፊት ሳላስመሰክር ወንበር አልያዝኩም። ድምፁ ያማረ ሁሉ መሪጌታ ቢባልማ ድጓው እስከ ዛሬ ጠፍቶ ነበር።"

"ሳያስመሰክር የተቀመጠ አታላይ ቢገኝስ፣ በእሱ ጥፋት የኔታ ጉባኤ ቤቱን ዘግተው ድጓውን ያቃጥሉታል?"

"እንዴት ተደርጎ። አታላዩን ነዋ የማስወጣው።"

"እንግዲያው ስልኩንም እንዲሁ ያድርጉት። ጉባኤ ቤት ነው፤ አስመስክሮ የተቀመጠም ሳያስመሰክር የተቀመጠም አለበት። የጎደለው እንደ እርስዎ 'ከማን ተማርከው' የሚል ጠያቂ ነው። ከዚህ ብልቃጥ ባለቤት ይጀምሩ።"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ከተገናኘን የመጀመሪያው ፈገግታቸው ነበር። ሠናይት የድምፅ መልእክት እንዴት እንደሚላክ አሳየቻቸው። እሳቸውም ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው ያዙና፣ ስማቸውንና ደብራቸውን ከነገሩ በኋላ፣ የሕክምና ትምህርቱን ከማን እንደተማረ፣ የት እንዳስመሰከረና በብልቃጡ ያለው ምን እንደሆነ ያስረዳቸው ዘንድ ሰውየውን በትሕትና ጠየቁት። መልሱ ሳይዘገይ በጽሑፍ መጣ። ሠናይት አነበበችላቸው፤ "አባቴ፣ አይጠራጠሩ፣ በእምነት ይጠቀሙ፤ ዛሬ ለሚያዝዙ ቅናሽ አለን" ይላል።

"የጠየቅሁት ሌላ፣ የመለሰልኝ ሌላ" አሉ። ደግመው ጠየቁ፤ ይህን ጊዜ ትሕትናው ትንሽ ቀነስ ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ቻናሉ ለሠናይት አልከፈት አለ። ሰውየው ዘግቶባት ሄደ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳቀች፤ መሪጌታ ግን አልሳቁም። ፊደል ቆጥሮ ልጅ የሚገድል ይህን የመሰለ ሰው በዕድሜያቸው እንዳልገጠማቸው ተናገሩ። እኔም ብልቃጧን ለማስረጃ ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ፤ ሰኞ ለሚመለከተው ክፍል አስረክቤያታለሁ።

"እሺ፣ አታላዩ ወጣ" አሉ መሪጌታ። "ያስመሰከረውን ደግሞ አሳዩኝ።"

ሠናይት ከዚህ በፊት አይታ የተወችውን አንድ ገጽ ፈልጋ አገኘች። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆችና ሐኪሞች በጋራ የሚያዘጋጁት የአማርኛ ገጽ ነው። የተወችው ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ እንደዚያኛው ፈውስ ቃል ስለማይገባ ተስፋ አስቆርጧት እንደነበር ነገረችኝ። መሪጌታ እንደ ደቀ መዝሙር አቁመው መረመሩት። የጻፈው ማን ነው? የሐኪሟ ስም፣ የምትሠራበት ቦታና የተጻፈበት ጊዜ ከግርጌው ሰፍሯል። የሚሸጠው ነገር አለ? የለም። ከዚያ አንብቢልኝ አሏት። ሠናይትም አነበበች።

"የኦቲዝም መንስኤ ይህ ብቻ ነው ተብሎ እስካሁን ተለይቶ አልታወቀም። በእናት ጥፋት፣ በእርግማን ወይም በአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው ነገሮችን የሚቀበልበት መንገድ የተለየ ነው። የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ አለኝ ከሚላችሁ ተጠንቀቁ። በትምህርትና በትዕግሥት ግን ብዙ መሻሻል ይቻላል።"

"'አልታወቀም' ነው ያለው?" አሉ መሪጌታ።

"አዎ፣ አባዬ።"

ያቺን ቦታ ደግማ እንድታነብላቸው አዘዟት። "የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ የሚናገር ሰው ተምሯል" አሉ። "ያ አታላይ ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም።"

እኔ ግን አንድ ምስክር አይበቃም አልኩ። ገጹ ላይ ባለው ቁጥር ደወልን። ያነሣችው ሴት ራሷ የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ናት። ምንም ሳትመክር አስቀድማ የሊያን ዕድሜ፣ የምትወደውንና የምትፈራውን ጠየቀች። ጆሮዋን ትደፍናለች ስንላት፣ አዲስ አበባ የሚኖር፣ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት፣ ያብስራ የሚባል ወጣት በአማርኛ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ቪዲዮ እንድናይ ላከችልን። የትምህርት ቤቱን ቦታ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳናሳልፈው አደራ አለች።

ሠናይት ስልኩን የሻይ ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ ከፈተችው። ያብስራ ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲናገር ወደ ጎን የሚያይ ወጣት ነው። "ሰው ስጮኽ ሲያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል" ይላል። "እኔን ግን ድምፅ ያመኛል። ለእናንተ ድምፅ ብቻ የሆነው እኔ ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ መርፌ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህን መናገር ስለማልችል እሮጥ ነበር። ጠላት አላየሁም፤ ያመመኝ ቦታ መቆም አቃተኝ እንጂ። ድምፅ ሊመጣ ሲል ቀድማችሁ ንገሩኝ። ከነገራችሁኝ እዘጋጃለሁ።"

 መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለዘፈን ይህ ይሆናል" አሉ። "የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ግን ዘፈን አይደለም። የተቀደሰ ነው። በስሙ ነው የሚመታው። እሷን የሚያስጮኻት ስሙ ነው።"

እኔ መልስ ለመስጠት ተነሣሁ፤ ሠናይት ግን እጇን ክንዴ ላይ አኖረች። ወደ አባቷ ዞራ እንዲህ አለቻቸው።

"አባዬ፣ እርስዎ ጋ መጥተን ስንሰነብት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻዎን ተቀምጠው ድጓ ሲያዜሙ ሊያ ምን ታደርጋለች?"

"ትመጣለች።"

"መጥታስ?"

የሽማግሌው እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ። "ጉሮሮዬ ላይ እጇን ትጭናለች" አሉ። "እስክጨርስ አታነሣውም።"

"የሚያዜሙት ያንኑ አይደለም? በወረብ ጊዜ የሚጠሩትን ስም አይደለም የሚጠሩት?"

"እሱኑ ነው።"

"ያለ ከበሮ ግን።"

"ያለ ከበሮ" አሉ መሪጌታ።

"እንግዲህ አባዬ፣ ስሙን የሚፈራ ነገር በውስጧ ካለ፣ በየማለዳው ስሙ ከሚወጣበት ጉሮሮ ላይ እጇን እንድትጭን እንዴት ፈቀደላት?"

እኔ ንጋቷ በዕድሜዬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። የሆስፒታል ወረቀትም የእኔም ምክር ሊያደርገው ያልቻለውን ያቺ አንዲት ጥያቄ አደረገችው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሊያ የመቋሚያውን ራስ በጣቷ ትዳስስ ነበር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጋቢያቸውን ሲገልጡ ዓይናቸው ቀልቷል። "አምስት ዓመት ሙሉ" አሉ፣ "ልጅቱን ሲያማት እኔ ስፈርድባት ኖርኩ። ሕዝቡ እያየ ከግቢ ስትሮጥ ተከትዬ እንኳ አልወጣሁም።" ስልኩን ለሠናይት በእጇ መለሱላት። "ሰኞ ትምህርት ቤት ትግባ። እኔ ነኝ ይዣት የምሄደው።"

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ አንድ ነገር ልናገር። ጠበሉን ማንም አልከለከላቸውም። እኔም ያልኳቸው ይህን ነው፤ የኔታ፣ ጸሎትዎንም ጠበልዎንም አይተዉ፣ ሊያ ግን ከእናቷ ተለይታ፣ ተይዛና ተገዳ በብርድ ውኃ አትነከር፣ ሐኪም ያዘዘላት ነገር ካለም ስለ ጠበል ተብሎ አይቋረጥ። እሳቸውም በመዳፌ ወስጄ ግንባሯን እቀባታለሁ፣ ያውም ከወደደች ብለው ተስማሙ። ጭጋጉም ተነሥቶ ሾፌሩ ጠራን።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ሊያ ቃል አላወጣችም፤ ይህን ደብቄ ማስደሰት አልፈልግም። ነገር ግን በትምህርት ቤቷ በሥዕል ካርድ ውኃ መጠየቅ፣ በቃኝ ማለትና ሆዷን ሲያማት ማሳየት ችላለች። የሚያመውን ማሳየት የቻለ ልጅ ጩኸቱ ግማሽ ይቀንሳል። እናቷ ፀጉሯን ከመቁረጧ በፊት መቀሱን አስነክታ፣ በሥዕል አሳይታ ትቆርጣታለች። ሠናይት ለብቻዋ ትጠይቀው የነበረውን አሁን ሌሎች እናቶች ባሉበት የስልክ ቡድን ትጠይቃለች፤ የማያውቁትን ያቺ የገጹ ሐኪም ትመልስላቸዋለች። አንድ ሰው መድኃኒት ልሽጥ ብሎ ወደ ቡድኑ ቢገባ፣ ስሙንና የተማረበትን ሳይናገር አይውልም።

መሪጌታ ወልደጻድቅ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። በገጠር ያሉ ብዙ እናቶች ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የዚያን ገጽ ጽሑፎች ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ በዚያ በጠራ ድምፃቸው አንብበው በድምፅ መልእክት ይልኩላቸው ጀመር። እያንዳንዱን ንባብ የሚጀምሩት "ይህን የተማርኩት ከእገሊት ሐኪም ነው፤ እሷም የተማረችው ከዚህ ቦታ ነው" ብለው ነው። መልእክታቸው እነዋሪና ሰላ ድንጋይ ድረስ እንደሚዞር ከደንበኞቼ እሰማለሁ፤ እኔ ለሃያ ዓመት የለፈለፍኩት እስከ መናኸሪያው እንኳ አልደረሰም።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ደውለው ለበዓሉ እንድገኝ ለመኑኝ። ሄድኩ። በአውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ስለ ሊያ በግልጽ ተናግረው ኖሯል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ይህ ግን በሽታም እርግማንም አይደለምና የሚደበቅበት ምክንያት ከቶ የለም ብለው አስተምረዋል። ከቅጥሩ ጥግ፣ ከከበሮው ርቆ ካለው ዛፍ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈዋል። እዚያ ከሠናይትና ከሊያ ጋር ሌሎች እናቶችም ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። በዚያች አንዲት ደብር ውስጥ ይህን ያህል ልጅ በየጓዳው እንደነበረ የጠረጠረ አልነበረም።

ከሁሉ ራቅ ብለው አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያለው ልጅ አልነበረም፤ ጺሙ የሸበተ ሙሉ ሰው ነው። ወርቅአገኘሁ ይባላል። ጎረቤቶቻቸው እንኳ ልጅ እንዳላቸው አያውቁም ነበር። አሮጊቷ እጄን ይዘው፣ "ለእኔስ አልረፈደም ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ሠናይት ቀድማኝ ተጠግታ ተቀመጠችና፣ አልረፈደም እማማ፣ እስቲ የሚወደውን ይንገሩኝ አለቻቸው። አሮጊቷ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን ዘረዘሩ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና ቶሎ አልጨረሱም።

ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት መሪጌታ መዘምራኑን አቁመው ወደ ዛፉ መጡ። ሊያ ፊት ቁጢጥ አሉና "ሊያዬ፣ አሁን ከበሮ ሊመታ ነው" አሏት። ሊያ አላየቻቸውም፤ ነገር ግን ተነሣች፣ የእናቷን እጅ ያዘች፣ ወደ ቅጥሩ በር ሄዳ ጆሮዋን ደፈነችና ቆመች። አልጮኸችም። መሪጌታ ከዚያ ወደ ሸበተው ሰው ዞሩ።

"ወርቅአገኘሁ፣ ልጄ፣ ለአንተም እየነገርኩህ ነው" አሉት። "ከበሮ ሊመታ ነው። ብትፈልግ ከሊያ ጋር ሂድ፤ ብትፈልግ እዚሁ ቆይ።"

ሰውየው ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። እናቱ በዓይናቸው ተከተሉት። "እንደ ሰው ቆጥሮ 'ብትፈልግ' ያለው የለም ነበር" አሉኝና አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። መሪጌታ ሁለቱም በሩ አጠገብ መድረሳቸውን አይተው ወደ መዘምራኑ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ከበሮው የተመታው።